አሚታብ፣ አንድ ፎቶ ፈልጌ ነው

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለፒያሳው አሚታብ፤

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ? እኛ ፈጣሪ ይመስገን አለን፤ ጎንደርም አለች። ስለ ዝምታው ይቅር በለኝ፤ እኔም ይቅር ብዬሃለሁ። ማን ቀድሞ አኮረፈ ከተባባልን ወረቀቱ አይበቃንም።

እውነቱን ልንገርህ፣ ጉዳይ ባይገጥመኝ ዛሬም አልጽፍልህም ነበር። ጉዳዩ ሲኒማ ቤታችን ነው። የኮሪደር ልማቱ ከመጣ ወዲህ አንዳንድ የሰፈር ልጆች የድሮ ቤቶችን ታሪክ መሰብሰብ ይዘዋል። ሲኒማው ላይ ሲደርሱ፣ «እርስዎ ያውቃሉ ተብለን ነው» ብለው ቤቴ መጡ። አንቱ ተባልኩልህ! ሳቅ በለኝ።

ጣሊያን የሠራው መሆኑን፣ ኅዳር 1934 ጎንደርን ለቆ ሲወጣ ሸራውንና አዳራሹን ይዞ መሄድ እንዳልቻለ ነገርኳቸው። ይሄን ግን እነሱም አንብበውታል። የፈለጉት ሌላ ነው፤ «ምን ገደለው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ቪዲዮ ነው ይላል። እኔ አይዋጥልኝም። በ1980ዎቹ ቪዲዮ ቤት እንደ አሸን ሲፈላ ሲኒማው ድሮ ታሞ ነበር። በደርግ ጊዜ ፊልም ብለን ሄደን ስንት ቀን ስብሰባ ጠበቀን? ወንበር ሲሰበር የሚጠግን የለ። የሕዝብ ንብረት ተባለና ባለቤት አጣ። ፊልሙም አዲስ አበባ ታይቶ ታይቶ፣ ተጫጭሮ ዝናብ የሚዘንብበት ሲሆን ነበር እኛ ጋ የሚደርሰው። በ1990ዎቹ የአማርኛ ፊልም በየአዳራሹ መታየት ሲጀምር ነፍስ ይዘራል ብለን ነበር። ከዚያ ዲሹ ረከሰ፣ በ2008 ቃና መጣ፣ አሁን ደግሞ ሁሉም ሰው ዩቲዩብ ኪሱ ውስጥ አለ። በሰው አልፈርድም። እኔ ቤትማ ቃና የጀመረ ሰሞን እራት የሚቀርበው የቱርኩ ድራማ ሲያልቅ ነበር።

አንድ የደበቅሁህ ነገር አለ። ፊልም አጫዋቹ አባባ አንተን «ሂድ ትምህርትህን አጥና» ብለው ከበር ሲመልሱህ፣ እኔን በጓሮ ማሽን ክፍል ያስገቡኝ ነበር። አትናደድ፤ ያው ድሮ ነው። ክፍሉ ላብ በላብ ያደርጋል። ሁለት ማሽን ጎን ለጎን ቆሟል። አንዱ ጥቅል ሃያ ደቂቃ ቢጫወት ነው። ሊያልቅ ሲል ከሸራው ላይኛው ቀኝ ጥግ አንዲት ነጥብ ብልጭ ትላለች። ያኔ ሁለተኛውን ማሽን ያስነሳሉ። ነጥቧ ደግማ ስትመጣ ከአንዱ ወደ አንዱ ይቀይራሉ። የእኔ ሥራ «መጣች!» ማለት ነበር። እሳቸው ግን ሁሌም ቀድመውኝ ያዩዋታል፤ እኔን ደስ እንዲለኝ ብለው ይመስለኛል የሚጠብቁኝ።

የህንዱ ዘፈን መሀል ላይ ሲበጠስስ? ታች ያለው ሕዝብ ያፏጫል፣ ወንበር ይደበድባል፣ አባትህን ይሰድባል። አባባ ንቅንቅ አይሉም። የተበጠሰውን ጫፍ በምላጭ ይከረክማሉ፣ ይፈገፍጋሉ፣ በማጣበቂያ ይገጥሙታል። አንድ ቀን በዚህ መሀል ቀና አሉና፣ «ያቺ ቀጭኗ ፉጨት የእኛው ናት» አሉኝ። ሾልከህ ገብተህ ነበር ለካ። አንተ ነበርክ ከሁሉም አብልጠህ የምታፏጨው!

አሁን ወደ ጉዳዬ። ልጆቹ የሕንፃውን ፎቶ ከየትም ከየትም አግኝተዋል። እዚያ የሠራ ሰው ፎቶ ግን አንድም የላቸውም። እትዬ ሳሎን የነበረው፣ አባባ እጅጌያቸውን ሰብስበው ማሽኑን ተደግፈው የቆሙበት፣ ከቀብሩ በኋላ አንተ ጋ እንደሄደ አውቃለሁ። ያን ጊዜ በዚያ ፎቶ የተባባልነውን... እሱን ተወው። ዋናውን አልፈልግም፤ ያንተ ነው። ኮፒውን ብቻ።

ስካን አድርገህ በቴሌግራም ላክልኝ። ልጆቹ እንደሚሉት እንደ ፎቶ ከላክኸው ጥራቱ ይወርዳል፤ እንደ ፋይል ይሁን። ካልሆነልህ ልጅህን ጠይቃት፣ አትኩራ። ከሥሩ የመዝገብ ስማቸውን ያስፍሩ ወይስ ከተማው የሚጠራቸውን? እኔ ሁለተኛውን ወድጄዋለሁ፤ እትዬ ግን እንደማይወዱት አውቃለሁ። አንተ ወስን፤ ልጆቹ በዚህ ሳምንት ተመልሰው ይመጣሉ።

ወንድምህ፣
«መጣች» ባዩ