አንዷን አውሮፕላን ከጀማሪው ሳጥን ለምን አወጣናት? ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ያለፉት ሁለት ሳምንታት የደረሰን መልእክት ከወትሮው በጣም የበዛ ነው። አንድም ሳልዘል አንብቤዋለሁ፤ አንዳንዱን ሁለት ጊዜ። ለጀማሪዎች በምንሸጠው፣ ገጣጥመው በሚቀቡት የሞዴል አውሮፕላን ሳጥን ውስጥ ሁለት የነበሩት አውሮፕላኖች አንድ ሆነዋል። በትንንሽ ቆርቆሮ ይመጣ የነበረው የኢናሜል ቀለም ቀርቶ በውሃ የሚቀጥን አክሪሊክ ገብቷል። ዋጋው ግን ያው ነው። «ግማሹን ወስዳችሁ ሙሉውን አስከፈላችሁን» ያላችሁን ብዙ ናችሁ። ሱቁ ከተከፈተበት ዓመት ጀምሮ ያልተለየን አንድ ደንበኛ ደግሞ «እናንተን የማውቃችሁ መስሎኝ ነበር» ብሎ አንድ መስመር ብቻ ላከልኝ። ከረጃጅሞቹ ቅሬታዎች ሁሉ ይልቅ እንቅልፍ የነሳችኝ ያቺ መስመር ናት።

ይቅርታ የምጠይቅበትን አስቀድሜ ልናገር። ለውጡን በጊዜው አላሳወቅንም። የድሮውን ሳጥን አስቦ ገንዘቡን የከፈለ ሰው ነገሩን ያወቀው አዲሱን ሲከፍት ነው። ይህ ጥፋታችን ነው፤ ይቅርታ አድርጉልን። እንዴት እንደምንክስ ከታች ጽፌዋለሁ። ውሳኔውን በተመለከተ ግን ይቅርታ ሳይሆን ማብራሪያ ነው ያለኝ፤ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

ከሳጥኑ የወጣችው ፒ-38 ላይትኒንግ ናት። በሎክሂድ የተሠራች፣ እ.ኤ.አ. በጥር 1939 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረች፣ ሁለት ሞተርና ሁለት ረጃጅም የጅራት ግንድ ያላት፣ አብራሪዋም በመካከላቸው ለብቻው የሚቀመጥባት አውሮፕላን። ሳጥኑን መጀመሪያ ሳዘጋጅ የመረጥኳት እኔ ነበርኩ። መልኳ ሰው ይስባል፤ ሳጥኑን የሚያሸጠው የእሷ ሥዕል እንደነበረም አውቃለሁ። ስለዚህ «ለምን አወጣችኋት?» የሚለው ጥያቄ ለእኔም ቀላል አልነበረም።

ግን ሳጥኑን ከገዙ ሰዎች የሚመጡልንን ፎቶዎች ተመልከቱ። የሱቃችንን ግድግዳ ያያችሁ ታውቁታላችሁ፤ ጀማሪ ደንበኞቻችን ጨርሰው የላኩልንን ሥራ ሁሉ እንለጥፋለን። ግድግዳው በሳጥኑ ሌላዋ አውሮፕላን፣ በእንግሊዟ ተዋጊ በስፒትፋየር የተሞላ ነው። ፒ-38ን ፈልጋችሁ ታገኛላችሁ፤ ግን መፈለግ አለባችሁ። ሁለቱም የወጡት ከአንድ ሳጥን ነው። ታዲያ ሌሎቹ ላይትኒንጎች የት ሄዱ? ደውዬ የጠየቅኳቸው ሰዎች መልስ ተመሳሳይ ነበር፦ «ጀመርኳት፣ ጅራቷ ተጣመመብኝ፣ ተውኳት።» ከእነሱ ብዙዎቹ ሌላ ሞዴል አልገዙም። ብሩሹም ደርቆ ቀረ።

ምክንያቱን በሙያው ውስጥ ያላችሁ አትስቱትም። ስፒትፋየር ላይ አንድ ገላ፣ ሁለት ክንፍና አንድ ጭራ ነው የምታጣብቁት። ፒ-38 ላይ ግን ሁለቱ ግንዶች ከክንፉም ከጭራውም ጋር እኩል መግጠም አለባቸው፤ አንዱ በአንድ ሚሊ ሜትር ቢያዘነብል ጠቅላላው አውሮፕላን የተጠመዘዘ ይመስላል። የፊት ጎማ ስላላት አፍንጫዋ ውስጥ ክብደት ካልተጨመረ ጭራዋ ላይ ትቀመጣለች፤ ይህን ደግሞ ጀማሪው የሚያውቀው ገላዋን ዘግቶ ከጨረሰ በኋላ ነው። በዚያ ላይ ያቀረብንላት ተለጣፊ ምልክት የኋለኞቹን፣ እ.ኤ.አ. ከ1944 መጀመሪያ ወዲህ ቀለም ሳይቀቡ ብረታቸው እንዳለ የወጡትን የሚያሳይ ነበር። ያ ማለት ብርማ ቀለም ነው። ብርማ ቀለም በብሩሽ መቀባት ልምድ ያለውን እጅ እንኳ ያንገላታል፤ በውስጡ ያለው ብናኝ ብሩሹ በሄደበት ስለሚተኛ እያንዳንዱ ጭረት ቁልጭ ብሎ ይታያል። ለመጀመሪያ ጊዜ ብሩሽ የያዘ ሰው ፊት ይህን ማስቀመጥ አልነበረብኝም።

ይህን የምለው ከሩቅ አይቼ አይደለም። ሱቁን ከመክፈቴ ከብዙ ዓመታት በፊት፣ ታላቅ ወንድሜ አንዲት ባለ 1/72 (ርዝመቷ ከእውነተኛዋ 72 ጊዜ ያነሰ) ስፒትፋየር ሰጠኝ። የወጥ ቤቱን ጠረጴዛ ጋዜጣ አንጥፌበት በሦስት ምሽት ጨረስኳት። የአብራሪውን መስታወት በሱፐር ግሉ አጣብቄው ጠዋት ስነሣ ነጭ ጉም ለብሶ ጠበቀኝ። የሱፐር ግሉ ትነት ግልጽ ፕላስቲክ ላይ እንዲያ እንደሚያደርግ ማን ነግሮኝ? የግራ ክንፏ ላይ አሻራዬ ቀለሙ ውስጥ ተቀርጾ ቀርቷል። ግን አለቀች። መደርደሪያ ላይ አስቀምጫት ከሩቅ አየኋት፤ ዛሬ እዚህ ያደረሰኝ ያ ምሽት ነው። ቀጥዬ የገዛኋት ክንፏ ከ43 ሴንቲ ሜትር የሚበልጥ ባለ አራት ሞተር ቦምብ ጣይ ነበረች። ስድስት ዓመት ሳጥኗ ውስጥ ተኛች። ባየኋት ቁጥር «ይህ ሥራ የእኔ አይደለም» እያልኩ አልፋት ነበር። ወንድሜ ቦምብ ጣይዋን አስቀድሞ ሰጥቶኝ ቢሆን ኖሮ ይህ ሱቅ አይኖርም ነበር ብዬ ከልቤ አምናለሁ።

ለዚህ ነው ስፒትፋየሯ ብቻዋን የቀረችው። የእውነተኛዋ ክንፍ ከጫፍ ጫፍ 11.23 ሜትር ነው፤ በ1/72 ሲሆን 15.6 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይመጣል። መዳፍ ላይ የምታርፍ፣ በጠፍጣፋ ብሩሽ በአንድ ምሽት አንድ እጅ የምትቀባ መጠን ናት። «ለምን በትልቁ፣ በ1/48 አታቀርቡም?» ያላችሁ አላችሁ። በ1/48 ርዝመቱ አንድ ተኩል እጥፍ ይሆናል፤ የሚቀባው ገጽ ግን ሁለት እጥፍ ከሩብ ነው። ጀማሪን የሚያደክመውና የብሩሽ ጭረት የሚያበዛው ይህ ገጽ ነው። 1/72ን ደግሞ የመረጥነው በርካሽነቱ ብቻ አይደለም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ እ.ኤ.አ. በ1942፣ የአሜሪካ ባሕር ኃይል አውሮፕላንን በመልኩ ለመለየት ሥልጠና የሚሆኑ ሞዴሎች ሲፈልግ፣ የትምህርት ቤት ልጆች ከእንጨት ቀርጸው ጥቁር የቀቧቸው አውሮፕላኖች በዚሁ ልክ የተሠሩ ነበሩ። ልኩ ከጀማሪ እጅ ጋር ሲስማማ የኖረ ነው።

አሁን ወደ ቀለሙ። ኢናሜልን የምትወዱ ሰዎች ቁጣችሁ ይገባኛል፤ እኔም ከእናንተው ነኝ። ቀስ ብሎ ስለሚደርቅ የብሩሹ ፈለግ ራሱን አስተካክሎ ይተኛል፣ በዚህ አክሪሊክ አይደርስበትም። ነገር ግን በደንብ እስኪደርቅ ቀን ሙሉ ይፈልጋል፤ የሚቀጥነውና ብሩሹ የሚታጠበው በቲነር ነው፤ ሽታው የተዘጋ ክፍል ውስጥ ራስ ያዞራል። ሳጥናችንን ከሚገዙት ብዙዎቹ ለልጆቻቸው የሚገዙ ወላጆች ናቸው። ከዚህም ሌላ ኢናሜል ተቀጣጣይ በመሆኑ አጓጓዦች እንደ አደገኛ ጭነት ነው የሚቆጥሩት፤ ለእያንዳንዷ ትንሽ ቆርቆሮ ወረቀትና ተጨማሪ ክፍያ አለ፤ አንዳንዶቹ ጨርሶ አይቀበሉም። እሽጎች ተመልሰው ሲመጡብን፣ ደንበኛ ሲጠብቅ፣ እኛ ሁለት ጊዜ ስንከፍል ቆይተናል። ኢናሜሉ ከሱቁ አልጠፋም፤ ለብቻው ይሸጣል። ከጀማሪው ሳጥን ነው የወጣው።

ስለ ወጪ ከተነሣ አልሸሽገውም። ሳጥኑም፣ ማጓጓዣውም፣ ቀለሙም ጨምሯል፤ ተገጣጣሚዎቹን የሚሠሩት ፋብሪካዎችም ዋጋቸውን በየጊዜው ያነሣሉ። ሁለቱንም አውሮፕላን ይዘን ለመቀጠል ወይ ዋጋውን መስቀል፣ ወይ ብሩሹንና ቀለሙን ማርከስ ነበረብን። የመጀመሪያው ጀማሪውን ከደጅ ይመልሰዋል። ሁለተኛውን ደግሞ ለአንድ ዓመት ያህል ሞክረነዋል፤ እሱ ነው የሚያሳፍረኝ። ፀጉሩ የሚረግፍ ብሩሽ ሳጥን ውስጥ አስገብተን ነበር። ያኔ ማንም አልተቆጣንም። ጀማሪው ፀጉር የተጣበቀበትን ክንፍ እያየ የሚወቅሰው ራሱን ነው፤ ብሩሹን አይወቅስም። ዛሬ ስትቆጡን ሳይ ያ ዓመት ነው ትዝ የሚለኝ።

እና «ግማሹ የት ሄደ?» ላላችሁ፣ እዚሁ ሳጥኑ ውስጥ ነው። አንዱ ብሩሽ ሦስት ሆኗል፦ ለክንፍ ሰፊ ጠፍጣፋ፣ ለገላ መካከለኛ፣ ለኮክፒት (አብራሪው ለሚቀመጥበት ክፍል) ቀጭን ጫፍ። አራቱ ቀለም ስድስት ሆነዋል፤ የሚያብለጨልጭና የማያብለጨልጭ ቫርኒሽም ተጨምሯል። በቱቦ ይመጣ የነበረው ወፍራም ሙጫ በቀጭን ፈሳሽ ሙጫ ተተክቷል። ይህ ሙጫ ሁለቱን ጠርዝ ገጥማችሁ በብሩሹ ስትነኩት ራሱ ስንጥቁ ውስጥ ይሮጣል፤ ፕላስቲኩን በጥቂቱ አቅልጦ አንድ ያደርገዋል እንጂ እንደ ወፍራሙ ዳር ዳር አይፈስም። ለመስታወቷም ትንሽ ኮላ ጨምረናል፤ ሲደርቅ ግልጽ ይሆናል፣ ጉም አያለብስም። ያቺን ኮላ ያስገባኋት የራሴን ስፒትፋየር እያሰብኩ ነው።

የመመሪያውን ወረቀትም ከአዲስ ጽፈነዋል። ቅር ብሏችሁ ሳጥኑን ገና ያልከፈታችሁ ካላችሁ፣ እባካችሁ በዚህ ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሩልኝ። ክፍሎቹን ከያዛቸው የፕላስቲክ ፍሬም ሳትነቅሉ ለብ ባለ ውሃና በሳሙና እጠቧቸው፤ ከቅርጽ ማውጫው የቀረ ቅባት ቀለም አያሲዝም። ክፍል ጠምዝዛችሁ አትንቀሉ፣ ቁረጡ፤ ጉብታውን በብርጭቆ ወረቀት አለስልሱ። ገላዋን ከመዝጋታችሁ በፊት ኮክፒቱን ቀቡ። ስትዘጉ አንድ ቀን ተዉአት። ስንጥቅ ከቀረ በስቱኮ ሙሉትና አለስልሱት።

ከዚያ ነው ቀለሙ። ከታች ጀምሩ፣ ፈዛዛውን አረንጓዴ። ከላይ መጀመሪያ ቡናማውን ሁሉም ላይ፣ ሲደርቅ ጥቁር አረንጓዴውን በመስመሩ ተከትላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1940 የበረሩት ስፒትፋየሮች የለበሱት ይህን ነው፤ በቡናማው ምትክ ግራጫው የገባው በ1941 ነው፣ ስለዚህ «ቀለሙ ተሳስቷል» ብላችሁ ለጻፋችሁት ለሁለታችሁ፣ ቀለሙ አልተሳሳተም። ቀለሙን እንደ ወተት አቅጥኑት። የመጀመሪያው እጅ ሳስቶ ፕላስቲኩ ሲያሳይ አትደንግጡ፤ እንዲያ ነው መሆን ያለበት። ግማሽ የደረቀ ቀለም ላይ ብሩሽ መልሳችሁ አትጎትቱ፤ አብዛኛው የተበላሸ ክንፍ የሚበላሸው እዚያች ላይ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንደሚባለው፣ በአንድ ወፍራም እጅ ለመጨረስ የሞከረ ሁሉንም ፍቆ እንደገና ይጀምራል። ሦስት ቀጭን እጅ በቂ ነው።

ተለጣፊ ምልክቶቹን ከማስቀመጣችሁ በፊት የሚያብለጨልጨውን ቫርኒሽ ቀቡ። ሻካራ ገጽ ላይ ከተለጠፉ ከሥራቸው አየር ይታመቅና ዙሪያቸው ነጣ ብሎ ይቀራል። ከደረቁ በኋላ የማያብለጨልጨው ይመጣል። በመጨረሻም የውልብልቢቷ ጫፎች፣ ቢጫ። በእውነተኛዋ ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ያህል ነበር፣ ስትሽከረከር መሬት ላይ ያለ ሰው ክቡን አይቶ እንዲጠነቀቅ፤ በእናንተዋ ላይ 1.4 ሚሊ ሜትር ነው። ለዚያች ለ1.4 ሚሊ ሜትሯ ብለን ነው ቀጭኑን ብሩሽ ውድ የገዛነው።

አሁን የገባሁትን ቃል ልፈጽም። ለውጡ ሳይነገራችሁ በፊት የከፈላችሁ ሁሉ፣ ፒ-38ዋን በእኛ ወጪ እንልክላችኋለን፤ ለአፍንጫዋ የሚሆን ክብደትና የሁለቱን ግንዶች አገጣጠም የሚያሳይ አዲስ ወረቀት አብሮ ይመጣል። ምልክቷም የብረቷ ሳይሆን የቀደሙት፣ ወይራማ አረንጓዴ የተቀቡት ነው፤ በብሩሽ ይቀባል። አውሮፕላኗን ሳይሆን ገንዘቡን የሚፈልግ ካለ፣ ሳጥኑ ቢከፈትም እንቀበላለን፣ እንመልሳለን። በእጃችን የቀሩት ላይትኒንጎች ብዙ አይደሉም፤ ሲያልቁ ለቀሩት ገንዘቡን እንመልሳለን። የግዢ ቁጥራችሁን ብቻ ላኩልን፤ ምክንያት መጻፍ አያስፈልግም።

ያቺን አንድ መስመር ለጻፍክልኝ ደንበኛዬ፦ የመጀመሪያ ሥራህ አሁንም ግድግዳችን ላይ ነው፣ ከበሩ በስተቀኝ፣ ሁለተኛው ረድፍ። ቀለሟ ጭራዋ አካባቢ ትንሽ ወፍሯል። ስፒትፋየር ናት። ላይትኒንግህን ጨርሰሃት ከሆነ ፎቶዋን ላክልኝ፤ ከጎኗ ቦታ ትቼላታለሁ።

አክባሪያችሁ፣
የሱቁ መሥራችና ባለቤት