ለአባቴ፦ ጀልባዋ ዓመቱን ሙሉ ስለምትቆምበት ወደብ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

አባዬ፣ እንዴት ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? እኛ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ሁላችንም ደኅና ነን።

በስልክ «ጀልባዋን የት ነው የምታስሯት? ምኑን አይታችሁ ነው ወደብ የመረጣችሁት?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ምጽዋ ላይ በባሕር ኃይል ያገለገሉ አባት «ጥሩ ወደብ ነው» በሚል መልስ እንደማይረኩ አውቃለሁና ነገሩን ከነምክንያቱ ልጻፍልዎ። የመረጥነው በደቡብ ምሥራቅ ስፔን ያለችውን ካርታኼናን ነው። እዚያ ቦታ ከታጣ ሁለተኛ ምርጫችን በሲሲሊ ደቡብ ጠረፍ ያለችው ማሪና ዲ ራጉሳ ናት።

ብዙ ሰው ወደብ አይቶ የሚወደው እዚህ በጋ በሆነበት በሐምሌ ነው። በሐምሌ ደግሞ መጥፎ ወደብ የለም። ዓመቱን ሙሉ ጀልባ ላይ ለሚኖር ሰው ወደብ የሚመዘነው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባለው ብርድና ማዕበል ነው። ስለዚህ ከዋጋውም ከውበቱም በፊት ካርታ ዘርግተን የምናየው የወደቡ አፍ ወዴት እንደሚመለከት፣ በዚያም አቅጣጫ ነፋሱ ያለ ከልካይ ስንት ኪሎ ሜትር ባሕር አቋርጦ እንደሚመጣ ነው። ርቀቱ በረዘመ ቁጥር ማዕበሉ ይገዝፋል። በፈረንሳይ ጠረፍ ሚስትራል የሚሉት ነፋስ በሮን ሸለቆ ወርዶ ለቀናት ይነፍሳል፤ በጣሊያኗ ትሪዬስቴ ላይ ቦራ የሚሉት ነፋስ ከተራራው ይወርዳል። ሁለቱም ከየብስ ስለሚመጡ እዚያው ጠረፉ ላይ የሚያስቸግሩት በብርዳቸውና በጉልበታቸው ነው እንጂ ትልቅ ማዕበል ወደቡ ውስጥ አያስገቡም። ሲሮኮ የሚሉት ነፋስ ግን ከሰሜን አፍሪካ ተነሥቶ ባሕሩን ሁሉ አቋርጦ ስለሚመጣ አቧራውንም ማዕበሉንም ይዞ ነው የሲሲሊን ደቡብ የሚመታው። የማልታ ትልልቆቹ ወደቦች አፋቸው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሆነ ግሬጋሌ የሚሉት ነፋስ በቀጥታ ይገባባቸዋል። ጳውሎስ የተሳፈረባት መርከብ ቀርጤስ ላይ የነበረችበት ወደብ ለመክረም አይመችም ተብሎ ወጥታ፣ በሰሜን ምሥራቅ ነፋስ ተነድታ መላጥያ ላይ እንደተሰበረች ያስተማሩን እርስዎ ነዎት። መላጥያ ይህችው ማልታ ናት፤ ነፋሱም ዛሬም አለ።

ቀጥሎ የሚታየው የማዕበል መከላከያው ግንብ ነው። በፈረንጆቹ ኦክቶበር 29 ቀን 2018 ጣሊያን ውስጥ ራፓሎ ላይ ከደቡብ የመጣ ማዕበል የማሪናውን (የጀልባ ማቆሚያ ወደቡን) ግንብ ሰብሮ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጀልባዎችን አንዱን በሌላው ላይ ከመረ። በጃንዋሪ 2020 ግሎሪያ የተባለው ማዕበል ሲመጣ ከቫሌንሲያ ፊት ለፊት የተለካው የማዕበል ከፍታ ከ8 ሜትር በላይ ነበር። ስለዚህ ግንቡ ላይ ወጥቶ ውጭውን ማየት ያስፈልጋል። ከውጭ በኩል የተከመረው ድንጋይ ወይም የሲሚንቶ ብሎክ በቦታው አለ? ተንሸራቶ ክፍተት ያሳየበት ቦታ አለ? ከውስጥ በኩልስ ዳሩ ተዳፋት የድንጋይ ክምር ነው ወይስ በዙሪያው ቀጥ ያለ ግድግዳ? ድንጋዩ ሞገዱን ውጦ ያስቀረዋል፤ ቀጥ ያለው ግድግዳ ግን መልሶ ይልከዋል፤ ሞገዱም ከግድግዳ ግድግዳ እየተመላለሰ ሌሊቱን ሙሉ ጀልባውን ወደፊትና ወደኋላ ይጎትታል። ገመድ የሚበጠሰው ባብዛኛው በነፋስ ሳይሆን በዚህ ጉተታ ነው።

ረዥምና ጠባብ ወደቦች ደግሞ የራሳቸው አደጋ አላቸው። በስፔኗ ደሴት ሜኖርካ ላይ ያለችው ሲውታዴያ በጣም የምታምር ወደብ ናት። ነገር ግን የአየር ግፊት በድንገት ሲለዋወጥ ውጭ ባሕሩ ላይ ትንሽ የነበረው ሞገድ በጠባቡ ሰርጥ ሲገባ እየገዘፈ ይሄዳል። በጁን 2006 ውኃው በደቂቃዎች ውስጥ በ4 ሜትር ገደማ ወርዶ ጀልባዎቹ ጭቃ ላይ ተቀመጡ፤ ከዚያ ተመልሶ መጥቶ ገመዳቸውን በጥሶ ወሰዳቸው። የአገሩ ሰዎች ሪሳጋ ይሉታል። እዚያ በጋውን ማሳለፍ ይቻላል እንጂ ቤት ብሎ መኖር ልክ አይመስለኝም።

በስፔን ምሥራቅ ጠረፍ በመስከረምና በጥቅምት የሚጥለው ኃይለኛ ዝናብም አለ። ዓመቱን ሙሉ ደርቆ የሚታይ የወንዝ መውረጃ በአንድ ሌሊት ደራሽ ጎርፍ ይሆናል፤ በኦክቶበር 2024 ቫሌንሲያ ዙሪያ ያደረሰውን እልቂት በዜና ሰምተዋል። እንዲህ ያለ መውረጃ ወደቡ ውስጥ የሚያበቃ ከሆነ ግንድና ጭቃ ጀልባዎቹ ላይ ይወርዳል፤ ስለዚህ መውረጃው የት እንደሚያልቅ ካርታ ላይ ፈልገን ነው የምናየው።

ካርታኼናን ያስመረጠን ይህ ሁሉ ነው። የተፈጥሮ ወደብ ናት፤ ግራና ቀኝ ኮረብታ ከልሏታል፤ የተከፈተችው ወደ ደቡብ ብቻ ስትሆን እሱም በግንብ ተጠብቋል። መግቢያዋ ጥልቅ ስለሆነ የአሸዋ ጭንቀት የለም። የስፔን ባሕር ኃይል የባሕር ሰርጓጅ መርከቦቹን የሚያቆመው እዚህ ነው። የስፔን ባሕር ኃይል መኮንን የነበረው ኢሳክ ፔራል የሠራትና በፈረንጆቹ 1888 ባሕር ላይ የወረደችው በኤሌክትሪክ ባትሪ የምትሄድ ሰርጓጅ መርከብም በባሕር ኃይሉ ሙዚየም ቆማለች፤ ሲመጡ አብረን ሄደን እናያታለን። ማሪና ዲ ራጉሳም ጥሩ ናት፤ በፈረንጆቹ 2009 የተከፈተች ሰፊ ማሪና ስትሆን በብርዱ ወራት ጀልባ ላይ የሚኖሩ ብዙ ሰዎች ይሰበሰቡባታል። ችግሯ ከደቡብ በኩል ማዕበል ካለፈ በኋላ መግቢያው ላይ አሸዋ መከማቸቱ ነው። የኛ ጀልባ ውኃ ውስጥ 1.80 ሜትር ትወርዳለች፤ ስለዚህ እዚያ ከመግባታችን በፊት በሬዲዮ የዕለቱን ጥልቀት መጠየቅ ግዴታ ነው።

የአስተሳሰሩን ነገር እርስዎ ከኔ በላይ ያውቁታል፤ ልዩነቱን ብቻ ልንገርዎ። እዚህ ጀልባ የሚታሰረው ጀርባውን ወደ መቆሚያው አድርጎ ነው። ከፊት መልሕቅ አንጥልም፤ ከባሕሩ ወለል ሰንሰለት ጋር የተያያዘ ገመድ ተስቦ ከፊት ይታሰራል። ሰንሰለቱን ጠላቂ መጨረሻ ያየው መቼ እንደሆነ ቢሮው ውስጥ መጠየቅና ወረቀቱን ማየት ያስፈልጋል፤ የታሰርንበት ሰንሰለት ከተበላ አዲስ ገመድ ምንም አያደርግልንም። ለ11 ሜትር ጀልባ 16 ሚሊሜትር የናይለን ገመድ፣ ከኋላ ሁለት ተሻጋሪ፣ እያንዳንዱ ላይ የብረት ስፕሪንግ፣ ሲሚንቶ በሚነካበት ቦታ ሁሉ የውኃ ጎማ ማልበስ። የባሕሩ መውጣትና መውረድ ምጽዋ ላይ ከሚያውቁት ያነሰ ነው። ሆኖም የአየር ግፊት በ1 ሄክቶፓስካል ሲቀንስ ውኃው 1 ሴንቲሜትር ያህል ከፍ ስለሚል በማዕበል ቀን 30 ሴንቲሜትር ልዩነት ሊመጣ ይችላል፤ ገመዱ በጣም ከተወጠረ ማሰሪያውን ይነቅላል። ወደቡን ልንጎበኝ ስንሄድ የሌሎቹን ጀልባዎች ገመድ እንመለከታለን፤ የቆዩት ነዋሪዎች ሁሉ ድርብ ገመድና ትልልቅ ስፕሪንግ ካደረጉ ወደቡ ውስጥ ጉተታ አለ ማለት ነው።

ስለ ብርዱ ተጨንቀው ነበር። ካርታኼና በጥር ቀኑን 16 ወይም 17 ዲግሪ ነው፤ ሌሊቱ ግን ይቀዘቅዛል፤ ጀልባ ውስጥ ደግሞ የሚብሰው እርጥበቱ ነው። ማሞቂያው የሚሠራው ከወደቡ በሚመጣ መብራት ስለሆነ የመስመሩን አምፔር ሳናውቅ ውል አንፈርምም። በ230 ቮልት 6 አምፔር ማለት 1,380 ዋት ብቻ ነው። 16 አምፔር ቢሆን 3,680 ዋት ይሰጣል፤ 1,500 ዋት ማሞቂያ በርቶ 2,000 ዋት የውኃ ማፍያ ቢጨመርበት ይችለዋል፤ 600 ዋት የእርጥበት ማውጫ ሲጨመር ግን ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ ሻይ ሲፈላ እርጥበት ማውጫው ይጠፋል። ሌላው ጀልባው ከወደቡ መብራት የሚስብበት የሰማያዊው ሶኬት ነገር ነው፤ ጨው ውስጡን ሲበላው ይላላና ይግላል፤ ብዙ የጀልባ ቃጠሎ የሚነሣው ከዚህ ነው። ሁሉም ነገር በርቶ አንድ ሰዓት ከቆየ በኋላ በእጅ ይነካል፤ ከጋለ ይቀየራል።

የመሬት ሽቦውም ሳይታሰብ ጉዳት ያደርሳል። ከወደቡ መብራት የሚስቡ ጀልባዎች ሁሉ በመሬት ሽቦ እርስ በርስ ስለሚገናኙ ጨው ውኃ ውስጥ ያሉት ልዩ ልዩ ብረቶቻቸው እንደ አንድ ባትሪ ይሆናሉ። ሌሎቹ ብረቶች እንዳይበሉ በፈንታቸው እንዲበላ የተገጠመው የኛ ዚንክ የጎረቤትን ፕሮፔለር እየጠበቀ ያልቃል፤ ዚንኩ ሲያልቅ ተራው የኛ ፕሮፔለር ነው። መድኃኒቱ በመሬት ሽቦው ላይ የሚገጠምና ይህን በጀልባዎቹ መካከል የሚሄድ ትንሽ ኤሌክትሪክ የሚያግድ ጋልቫኒክ አይሶሌተር የተባለ ዕቃ ነው። ከዚያም በየሁለትና ሦስት ወሩ ጠልቆ ማየትና ዚንኩ ግማሽ ሲደርስ መቀየር። ለእርጥበቱ ፍራሹን ከሥር 5 ሴንቲሜትር ያህል አየር በሚያስገባ ርብራብ ላይ እናነጥፋለን፤ እርጥበቱን ከ60 በመቶ በታች እንይዛለን። ለሙቀት ብሎ የጋዝ ምድጃ ማቀጣጠል ፈጽሞ አይቻልም፤ ጭሱ ሳይታይ ይገድላል። መኝታዎ አጠገብ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ እንሰቅላለን።

ውሉ ላይ ሦስት ነገር በጽሑፍ እንፈልጋለን። የመጀመሪያው ጀልባው ላይ መኖር መፈቀዱ ነው፤ በቃል «ችግር የለም» የተባለ ሰው አስተዳደር ሲቀየር ውጣ ይባላል። ሁለተኛው ውሉ የዓመት እንጂ የብርዱ ወራት ብቻ አለመሆኑ፤ የብርዱ ውል ሚያዝያ ላይ ያልቅና በጋውን በቀን ሂሳብ እጥፍ ድርብ ያስከፍላል። ሦስተኛው መብራትና ውኃ በቆጣሪ መሆናቸው። ኢንሹራንሱም ዓመቱን ሙሉ እንደምንኖርበት ማወቅ አለበት፤ ካላወቀ አደጋ ሲደርስ ላይከፍል ይችላል። ስፔን ነዋሪ ለሆነ ሰው ከ8 ሜትር በላይ ለሆነ ጀልባ 12 በመቶ የምዝገባ ግብር ስላለ፣ ያ ግብርና የተጨማሪ እሴት ታክሱ የተከፈሉበትን ወረቀት ጀልባው ላይ እንይዛለን።

ስለ ጉልበትዎ ደግሞ፦ ከመቆሚያው ወደ ጀልባ የሚያሻግረው ሳንቃ ባብዛኛው 2 ሜትር ርዝመትና 30 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው፣ መደገፊያ የሌለው ነው። እርስዎ ለሚመጡበት ጊዜ ጎኗን አስደግፋ የምትቆምበት ተንሳፋፊ መቆሚያ እንጠይቃለን። እሱ ከውኃው ጋር አብሮ ስለሚወጣና ስለሚወርድ ከፍታው አይለዋወጥም፤ አንድ እርምጃና የእጅ መያዣ ብረት ብቻ ይበቃል። መታጠቢያ ቤቱ ሌሊትም ክፍት መሆኑንና ሙቅ ውኃ በጥር መኖሩን በአካል አረጋግጠናል። ካርታኼና ላይ ማሪናው ከከተማው መሐል ጋር የተያያዘ ስለሆነ ገበያውም ፋርማሲውም በእግር ነው፤ ሆስፒታልም እዚያው ከተማ ውስጥ አለ። ከማሪና ዲ ራጉሳ ሆስፒታሉ ያለበት ራጉሳ ከተማ ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቃል። ለኔ ሚዛኑን የደፋው ይህ ነው።

ጉዞው ከአዲስ አበባ ማድሪድ በቀጥታ፣ ከማድሪድ ሙርሲያ በፈጣን ባቡር፣ ከዚያ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ በአውቶቡስ ነው። ቪዛው በ180 ቀን ውስጥ 90 ቀን ብቻ ይፈቅዳል፤ የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። ጥቅምት ሲገባ መጥተው ታኅሣሥ ሲጋመስ ቢመለሱ ባሕሩ ገና ሙቅ ሳለ ይደርሳሉ፣ ለገናም ቤትዎ ነዎት። የጥሪ ደብዳቤውን እኔ ከዚህ ፖሊስ ጣቢያ አወጣለሁ። የጤና ኢንሹራንሱ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን መሆን አለበት። ፓስፖርትዎ ባለፉት 10 ዓመታት ውስጥ የወጣ፣ ከሚመለሱበት ቀን በኋላ ቢያንስ 3 ወር የሚቆይና ሁለት ባዶ ገጽ ያለው መሆኑን ያዩልኝና ፎቶውን በቴሌግራም ይላኩልኝ። የደም ግፊት መድኃኒትዎን ስምና መጠን ሐኪሙ በእንግሊዝኛ ጽፎ ማኅተም እንዲያደርግበትም ይጠይቁልኝ።

ምርቃትዎ አይለየን።

ልጅዎ