የታሪክና ቅርስ ክበብ፦ ከራስ ብሩ ቤት እስከ ለገሀር

መስከረም ላይ 38 አባላት ነበሩን፤ ግንቦት ላይ 23 ቀርተናል። ቁጥሩን አስቀድሜ የምጽፈው በመምህራን ማረፊያ ክፍል ሲነሳ ስለከረመ ነው። ከወጡት አብዛኞቹ ለብሔራዊ ፈተና የሚዘጋጁ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው፤ መልካም አድርገዋል፤ አንዳቸውንም አልወቅስም። የቀሩት 23 ግን ዝናብም ሆነ የክፍል ፈተና ሳይበግራቸው በየማክሰኞው ከቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለችው ክፍል ሲገኙ ዓመቱን ጨርሰዋል።

የመጀመሪያው ወሰነ ትምህርት በምርጫ፣ በመተዳደሪያ ደንብና በሥራ ክፍፍል አለፈ። የግድግዳ ጋዜጣ ሁለት ጊዜ አወጣን፤ የወላጆች ቀን ዕለት በኮሪደሩ ላይ አነስተኛ ዐውደ ርእይ አሳየን። ሌላው በቃለ ጉባኤ መዝገባችን ሰፍሯል፤ ማየት ለሚፈልግ ክፍት ነው።

የዓመቱ ርእሳችን በእግር ልንደርስባቸው የምንችላቸው ሁለት ሕንፃዎች ነበሩ፦ ከመስቀል አደባባይ በላይ ያለው የራስ ብሩ ቤትና የለገሀር ባቡር ጣቢያ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ «አሮጌ ቤት ማየት ምን ትምህርት ይሆናል?» ብሎ ጠይቆኝ ነበር። በክፍል ውስጥ የምድር ባቡሩን ታሪክ በ40 ደቂቃ እጨርሰዋለሁ። አፄ ምኒልክ በ1886 ዓ.ም. ለስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ ለአልፍሬድ ኢልግ ፈቃድ ሰጡ፤ በ1890 ዓ.ም. ከጅቡቲ ሥራው ተጀመረ፤ በ1895 ዓ.ም. ሐዲዱ ድሬዳዋ ደረሰ፤ ገንዘብ አልቆ ለዓመታት ቆመ፤ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ገባ። ተማሪዎቼ ይህንን ለፈተና ያጠኑታል፤ ከፈተናው ማግስት ይረሱታል። ሕንፃው ፊት ቆመው የሰሙትን ግን አልረሱም። ለባልደረባዬ የምሰጠው መልስ ይኸው ነው።

ራስ ብሩ ቤት የሄድነው ኅዳር ላይ ነው። ቤቱ የ20ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የመኳንንት መኖሪያ ሲሆን ከተማዋ 100 ዓመት ሲሞላት የአዲስ አበባ ሙዚየም ሆኗል። ልጆቹ በየቀኑ በታክሲ ከሥሩ ያልፋሉ፤ ከ23ቱ ውስጥ ቀድሞ ገብቶ ያየው ሁለት ብቻ ነው። ከዚያ ከፍታ ላይ ቆመው አደባባዩን ሲያዩት ብዙ ጥያቄ አመጡ። መኳንንቱ ለምን ኮረብታ መረጡ? እንጨቱን ማን ጠረበው? ቆርቆሮው ከየት መጣ? የዚያ ዘመን ታላላቅ ቤቶች የአገራችን፣ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች እጅ ያረፈባቸው መሆኑን፣ ከባሕር ማዶ የሚመጣው ዕቃ ደግሞ ባቡሩ እስኪገባ ድረስ በግመልና በበቅሎ ለሳምንታት እየተጓጓዘ ይደርስ እንደነበር ነገርኳቸው። አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ «ታዲያ ቤቱንና ጣቢያውን ለየብቻ ማጥናት አይቻልም» አለ። የዓመቱን ሥራ ያቃናልን ይህ አስተያየት ነው።

ወደ ለገሀር የወጣነው በጥር ወር ነበር። እውነቱን ለመናገር ሁለተኛ ሙከራችን ነው፤ በመጀመሪያው የፈቃድ ደብዳቤያችን ማኅተም ስላልነበረው ጥበቃው ከበር መልሶናል። ማኅተሙን ማስመታት የእኔ ድርሻ ነበርና ጥፋቱ የእኔ ነው።

በዚያ ቀን ከክበቡ አባላት የአንዷን አያት ይዘን ሄድን። የ9ኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ ከመስከረም ጀምሮ በስብሰባ ላይ አንድ ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። አያቷ በምድር ባቡር ሲሠሩ ጡረታ የወጡ መሆናቸውን ያወቅሁት በቃል ሳይሆን በጽሑፍ ነው፤ የጉዞው ዕቅድ በተለጠፈበት ወረቀት ጠርዝ ላይ በእርሳስ ጽፋው አገኘሁ።

አባባ ኮታቸውን ለብሰው፣ ከዘራ ይዘው መጡ። በመጀመሪያ ከጣቢያው ፊት ካለው የይሁዳ አንበሳ ዘንድ ቆምን። ሐውልቱ በ1923ቱ የአፄ ኃይለ ሥላሴ የንግሥ በዓል ዘመን የቆመ፣ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ወደ ሮም የተወሰደ፣ ዘርዓይ ድረስ በፊቱ ጎራዴ የመዘዘለት፣ በ1950ዎቹ ወደ ቦታው የተመለሰ ነው። ቀጥሎ በ1922 ዓ.ም. የተመረቀውን የጣቢያ ሕንፃ አየን። ከተማሪዎቹ አንዱ አፄ ምኒልክ ባቡሩ አዲስ አበባ ሲገባ አይተውት እንደሆነ ጠየቀ። አላዩትም፤ በ1906 ዓ.ም. አርፈዋል፤ ሦስት ዓመት ቀድመው። ልጆቹ ጸጥ አሉ። እኔ ይህንን ዓመት ስንት ጊዜ በጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌዋለሁ፤ እንዲህ ዓይነት ዝምታ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ከሕንፃው ጀርባ ሣር የወረሰው ሐዲድ አለ። ልጆቹ ስፋቱን ለኩት፤ ልክ አንድ ሜትር። አባባ እየሳቁ «ብትጠይቁኝ እነግራችሁ ነበር» አሏቸው። ባቡሩ በእሳቸው አባት ዘመን ሌሊት አይሄድም ነበር። መንገደኛው አዋሽና ድሬዳዋ እያደረ በሦስተኛው ቀን ይደርስ ነበር። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሐዲዱ አዙረው ጣቢያዎቹን በድሮ ስማቸው መጥራት ጀመሩ። አቃቂ፣ ዱከም፣ ደብረ ዘይት፣ ሞጆ፣ ናዝሬት፣ ወለንጪቲ፣ መተሐራ፣ አዋሽ፣ አሰቦት፣ ሚኤሶ...

ሚኤሶ ላይ ድምፃቸው ተቋረጠ። ረስተው ይሁን ሆድ ብሷቸው፣ አላወቅሁም፤ መጠየቅም አልደፈርኩም። ሁላችንም መሬት መሬት ስናይ ያቺ ዝምተኛ ልጅ ከኋላ ሆና «አፍደም» አለች። ወደ ፊት መጥታ እጃቸውን ያዘችና ቀጠለች፤ «ኤረር፣ ሁርሶ፣ ድሬዳዋ።» ሕፃን ሳለች እያስተኟት የሚቆጥሩላት ይህንን ነበር። በተረት ፈንታ።

ከዚያ ማክሰኞ ጀምሮ በስብሰባችን ላይ እጅ ከሚያወጡት ቀዳሚዋ እሷ ናት።

ያልተሳካውንም ልጻፍ። ከለገሀር ያመጣነው ፎቶግራፍ ግማሹ ጠፍቷል፤ ካሜራ ስለሌለን በአንድ ተማሪ ስልክ ያነሳነው ነበር፤ ስልኩ ተበላሸ። የአባባን ንግግር በሙሉ መቅረጽ አልቻልንም። የሜትር መለኪያው ከሒሳብ ትምህርት ክፍል የተዋስነው ነው። ዓመቱን ሙሉ የወጣው ገንዘብ ለማርከርና ለካርቶን ሲሆን ከኪሳችን የተዋጣ ነው። ለሌሎች ክበባት የተሰጠው በጀት ይገባቸዋል፤ አልቃወምም። ነገር ግን የእኛ ክበብ የሚጠይቀው ኳስና መለያ አይደለምና ምንም አያስፈልገውም የሚለው ግምት ትክክል አይደለም። የምንሰበስበው የሰው ትዝታ ነው። ዘንድሮ ያልተቀዳ ለከርሞ ላይገኝ ይችላል።

ስለዚህ ለወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት ያቀረብነው ጥያቄ ሦስት ነገር ብቻ የያዘ ነው፦ አንድ ካሜራ፣ ቁልፍ ያለው አንድ ቁም ሣጥን፣ በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ለድሬዳዋ ጉዞ የመጓጓዣ ድጋፍ። ጉዞውን በአዲሱ ባቡር ከለቡ ጣቢያ ተነስተን ለማድረግ አስበናል፤ ልጆቹ የአዲሱን ሐዲድ ስፋትም ለመለካት ቸኩለዋል። በቤታችሁ የድሮ የባቡር ትኬት፣ የሠራተኛ መታወቂያ ወይም በጣቢያው ፊት የተነሳ የቤተሰብ ፎቶግራፍ ካላችሁ አውሱን፤ ቅጂ ወስደን እንመልሳለን።

የክበቡ ክፍል በር ላይ ተማሪዋ በእጇ የጻፈችው የጣቢያዎች ዝርዝር ተለጥፏል። ከአዲስ አበባ እስከ ድሬዳዋ ያለው ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል። ከድሬዳዋ እስከ ጅቡቲ ያለው ግን ገና ባዶ ነው፤ አባባ በዚያኛው መስመር አልሠሩም። የሚያውቅ ሰው በቤታችሁ ካለ፣ ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ ሁልጊዜ እዚያው ነን።