ወደ አዋሽ ለሚሄዱ የጅማ ተማሪዎች

ክቡር አዘጋጅ፣

ተማሪዎች ለጉብኝት አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ እኩለ ቀን ላይ ከደረሱ ብዙ አያዩም፤ እንስሳቱ ጥላ ፍለጋ ቁጥቋጦ ውስጥ ገብተዋል። እዚያው አካባቢ አድረው ከንጋቱ 12 እስከ 3 ሰዓት ኢላላ ሳላ ሜዳ ላይ ይገኙ።

ሜዳው ላይ የሚታየው ሳላ (ኦሪክስ የሚባለው የዱር እንስሳ) ወንዱም ሴቷም ቀጥ ያለ ረጅም ቀንድ አላቸው። ውሃ ሲያጥረው በላብ ከማባከን ይልቅ የሰውነቱ ሙቀት ቀን ከፍ እንዲል ይተወዋል፤ ሌሊት ይለቀዋል። ወደ አንጎሉ የሚሄደው ደም ግን በአፍንጫው በሚያልፈው አየር አማካይነት ይቀዘቅዛል። ለባዮሎጂ መምህር ከዚህ የተሻለ ማሳያ ከየት ይገኛል?

ስለ እፉኝት ግን አጥብቀን እናሳስባለን። ሰው ሲቀርበው ብዙ ጊዜ አይሸሽም፤ መልኩም ከአፈርና ከደረቅ ቅጠል ስለሚመሳሰል ይረገጣል። ነጠላ ጫማ ይቅር፤ ቁርጭምጭሚት የሚሸፍን ጫማ ይደረግ። ማታ ያለ ባትሪ አይወጣም። የተነደፈን እግር ማሰር፣ መብጣት፣ መምጠጥ ጉዳቱን ያብሳል፤ መርዙ ሥጋ ስለሚገድል ደም ማገድ እግር ሊያሳጣ ይችላል። ጫማውን አውልቆ፣ እግሩን በእንጨት ደግፎ፣ ሳያስኬዱ ተሸክሞ ሆስፒታል ማድረስ ነው። ለፎቶ ብሎ ወንዙ ዳር መውረድም አይገባም፤ አዞ አለ።

የባዮሎጂ መምህራን፣ ከጅማ