ፓራውልት ላሜራ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

የመኪናችን ፓራውልት (ከፊትና ከኋላ ያለው የግጭት መከላከያ ፕላስቲክ) ሲጫር ወይም ሲሰነጠቅ ብዙዎቻችን ሶማሌ ተራ ወርደን ያገለገለ እንገዛለን፤ አለዚያም ለሰፈር ቀለም ቀቢ ሰጥተን በማግስቱ አሳምሮ እንዲያስረክበን እንጠብቃለን። እኔም የቪትዝ መኪናዬን የኋላ ፓራውልት በአንድ ጋራዥ አሠርቼ፣ ክረምቱ ሳይወጣ ቀለሙ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ በጥፍሬ እየተነሣ መጣ። ከሥሩ ብቅ ያለው ጥቁር ፕላስቲክ ያብለጨልጭ ነበር፤ አንድም የብርጭቆ ወረቀት ጭረት አላገኘሁበትም።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ፓራውልት በቤቴ ሠርቻለሁ፤ የመጀመሪያው አላማረም፣ ሁለተኛው ግን እስካሁን ደኅና ነው። በመካከላቸው የተማርኩት ነገር ቢኖር ጥፋቱ ከእጅ ድካም ሳይሆን ፕላስቲክን እንደ ላሜራ ከመቁጠር መምጣቱን ነው። ፓራውልቱ ተፈትቶ ሲገለበጥ በውስጥ በኩል የምን ፕላስቲክ እንደሆነ የሚገልጹ የላቲን ፊደላት ተቀርጸው ይገኛሉ። ፒፒ (PP) የሚል ከሆነ ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ነው፤ በአሁኑ ጊዜ የብዙ መኪኖች ፓራውልት የሚሠራው ከዚሁ ሲሆን፣ በባሕርዩ ቀለምም ሙጫም የማያስጠጋ በመሆኑ ለፕላስቲክ የተዘጋጀ ፕራይመር (ከቀለም በፊት የሚቀባ መነሻ) ካልቀደመው የላዩ ቀለም ምንም ያህል ውድ ቢሆን ይላጣል። ኤቢኤስ (ABS) የተባለው ሌላው ፕላስቲክ ከሆነ ግን ቀለም ማስያዙ ይቀላል።

የሥራው ቅደም ተከተልም ቀላል ነገር አይደለም። ሳይታጠብ የሚፋቅ ፓራውልት ላዩ ላይ ያለውን ሰምና ቅባት ወደ ጭረቱ ውስጥ ያስገባዋል፤ ስለዚህ በሳሙና ማጠብና ቅባቱን ማስለቀቅ ከመፋቁ ይቀድማል። ፒፒ በማሽን ሲፋቅ ይሞቅና እንደ ብርድ ልብስ ጸጉር ያወጣል፤ እኔ የመጀመሪያውን ያበላሸሁት በዚህ ነው። በእጅ፣ ስቱኮውን (ጉድለት መሙያውን) በደረቁ በ180 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ጀምሮ በ320፣ ፕራይመሩን ደግሞ ውሃ እየነከሩ በ600 ቁጥር መጨረስ ትዕግሥት ይጠይቃል እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። ከፋብሪካው ሻካራ ሆኖ የመጣውን ጥቁር ፓራውልት ማለስለስ የሚፈልግ ሰው ሻካራውን ሁሉ ፍቆ ለመጨረስ መድከም የለበትም፤ ጫፍ ጫፉን አንሥቶ ቀሪውን በወፍራም ፕራይመር መሙላት ይሻላል። የላሜራው ስቱኮ ግን ሲደርቅ ድንጋይ ነው፤ ፓራውልት በትንሽ ግፊት ስለሚለመጥ ስቱኮው ይሰነጣጠቃል። ለፕላስቲክ የሚሆን፣ አብሮ የሚለመጥ ስቱኮ አለ።

ስንጥቁን በካውያ የሚበይዱ ወገኖች የስንጥቁን ጫፍ በትንሹ ቢበሱት ወደፊት አይሄድም። ከፓራውልቱ በስተጀርባ ያለውን ብረትና ስፖንጅ ግን ለማሳመር ብሎ መቁረጥ አይገባም፤ ግጭት የሚችለው እርሱ ነው።

ሀርድነር (ማጠንከሪያ) የሚጨመርበትን ቀለም ልጆች በሚጫወቱበት ግቢ መርጨትን በተመለከተ ዝም ማለት አልችልም። በሀርድነሩ ውስጥ ያለው አይሶሲያኔት የተባለ ኬሚካል አስም ሊያመጣ ይችላል፤ ተራ የአፍ መሸፈኛም አይመልሰውም።

ለቀለም ነጋዴዎች አንድ ጥያቄ አለኝ። ፕራይመሩ ከትልቁ ጣሳ በሃይላንድ ጠርሙስ እየተቀዳ ሲሸጥልን ለብረት ይሁን ለፕላስቲክ የምናውቀው በሻጩ ቃል ብቻ ነው። ቢያንስ ስሙንና የመደባለቂያ መጠኑን በጠርሙሱ ላይ በእስክሪብቶ ቢጽፉልን ምን ይከብዳቸዋል?

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ