ሰብሊዬ፣ ሐሙስ ማታ እንዳትረሺን

ሰብሊዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጠፋሁብሽ፣ ይቅር በይኝ፤ ቁጣሽን ስንገናኝ እቀበላለሁ። አሁን የእማዬን ነገር ልንገርሽ።

የዓይን ሞራ ሁለቱንም ዓይኗን ጋርዶባታል። ደጅ የቆመ ሰው እንዳለ ታውቃለች፣ ፊቱን ግን አትለይም። በአገራችን ከዓይነ ስውርነት ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው ይኸው ሞራ ነው አሉኝ ሐኪሙ። ሞራው ወጥቶ ሰው ሠራሽ ሌንስ ይገባል፣ ብዙ ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይፈጅም። ቀኝ ዓይኗ አርብ ይሠራል። እኔ ፈርቻለሁ፤ ለእሷ ግን ትንፍሽ አላልኩም።

ቡናውን ዛሬም ራሷ ናት የምታፈላው። ከሰል አያይዛለሁ እንጂ ሌላውን አታስነካኝም። ስትቆላው መጀመሪያ የእርጥብ ሣር ሽታ ይመጣል፣ ቆይቶ የዳቦ። ፍሬው መንጣጣት ሲጀምር ሁላችንንም ዝም ታሰኝና ጆሮዋን ታዘነብላለች፤ ረገብ ሲል «በቃ፣ አውጪው» ትላለች። አንድም ቀን አላሳረረችም። ጀበናውንም የምትሞላው በጆሮዋ ነው። ውኃው ወደ አንገቱ በቀረበ ቁጥር ድምፁ እየቀጠነ ይሄዳል፤ ልክ ሲደርስ እጇን ትመልሳለች። ከልጅነቴ ጀምሮ ጀበና ስሞላ ይህን ሰምቼው አላውቅም። አንቺስ? ዛሬውኑ ሞክሪው፣ በሞቴ!

ዝናቡንም ትቀድመኛለች። ከእንጦጦ ሲወርድ መጀመሪያ የላይኞቹን ቤቶች ቆርቆሮ ነው የሚመታው። «ልብሱን አስገቢ» ስትለኝ ግቢያችን ገና ደረቅ ነው፤ ሮጬ ከገመዱ ሳወርድ ጠብታው ክንዴ ላይ ያርፋል። እኔም ለምጄባት ታክሲ ሰልፍ ላይ ስልኬን አላወጣም፤ የበቆሎ ጥብሱ ሽታ ከየትኛው ጥግ እንደሚመጣ እፈልጋለሁ። ደስ ይለኛል፣ ሰብሊ። ግን በእሷ ዓይን መጋረድ የመጣ ደስታ ስለሆነ... እንዴት እንደምልሽ እንጃ። አንቺ ይገባሻል።

ትናንት «የዚያችን ሳቂታ ድምፅ ሳልሰማ ሐኪም ቤት አልገባም» አለችኝ። ሌላ ማን ይሆናል? ያ ጎረቤት የሚቀሰቅስ ሳቅሽ ዘንድሮ ተፈለገ! ሐሙስ ማታ ከሁለት ሰዓት በፊት ደውዪልን፤ ቶሎ ነው የምትተኛው። በእኔ ስልክ ይሁን፣ የእሷ ይቆራረጣል። ስለ ቀዶ ሕክምናው አታንሺባት። ስለ ልጆችሽ አውሪላት፣ ትንሿንም አቅርቢላት።