ለልጄ፦ ቅንብሩን ማን ሠራው?

ውድ ልጄ ሚሚዬ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉልበቷን አሟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል፣ ገበያም ወጥታለች። ስቶክሆልም በዚህ ወር ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ይመሻል ያልሽኝን ለጎረቤት ባወራ ማንም አላመነኝም።

የላክሽልኝን ፕሌይሊስት ሰማሁት። ወንድምሽ የዘፈኖቹን ስም አንድ በአንድ ጻፈልኝና ዩቲዩብ ላይ እየፈለግሁ ነው የሰማሁት። ፓኬጄን ጨረሰብኝ፣ ግን ይሁን። «አባዬ፣ ሰው አይደለም የመረጠው፣ አፑ ራሱ ያወጣልኝ የኢትዮጵያ ሙዚቃ ነው፤ እንዴት አገኘኸው?» ብለሽኝ ነበር። በስልክ ጥሩ ነው ብዬሽ አለፍኩ። ጥሩስ ጥሩ ነው። ግን በስልክ የማያልቅ ወሬ ስላለኝ ይኸው እጽፍልሻለሁ። ዓመቶቹን ፈልገሽ እንድታገኚያቸው በፈረንጆቹ አቆጣጠር አድርጌልሻለሁ።

መጀመሪያ ቅር ያለኝን ልንገርሽ። ሙላቱ አስታጥቄ ከፊት አለ። ማሕሙድ አለ፣ ጌታቸው መኩሪያ ከነሳክስፎኑ አለ፣ ኃይሉ መርጊያ አለ፣ እማሆይ ጽጌማርያም አሉ። በመሃል የናይጄሪያው ፌላ ኩቲ ገባ፤ እሱም ይሁን። ጥላሁን ግን የለም። ብዙነሽ የለችም። ኤፍሬም የለም፣ ኩኩ የለችም፣ አስቴር እንኳ የለችም! ለእናትሽ ብነግራት «በርበሬ የሌለው ዶሮ ወጥ ነዋ» ብላ ሳቀች።

ለምን እንዲህ እንደሆነ ወንድምሽን ጠየቅሁት። አፑ በዋናነት ሰው ነው የሚቆጥረው አለኝ። ይህን ዘፈን የሰሙ ሰዎች ሌላ ምን ሰሙ? በራሳቸው ዝርዝር ውስጥ የትኛውን ከየትኛው ጎን አስቀመጡ? የድምፁን ፍጥነትና ጠባይም ይመረምራል፤ ግን ትልቁ ነገር የሰው ልማድ ነው። እኔም ይህ በገዛ ስልኬ ገባኝ። እኔና ወንድምሽ የምንጠቀመው አንድ አካውንት ነው። ብዙነሽ በቀለን ሰምቼ ሳልጨርስ የአርሰናል ጎል ያመጣልኛል። ማሽኑ እኛን እንደ አንድ ሰው ነው የሚያየን፤ ብዙነሽን የሚወድ የአርሰናል ደጋፊ መስሎታል።

እንግዲህ ሙላቱን አውሮፓ ውስጥ የሚሰማው ማነው? ታሪኩ ረጅም ነው፣ ግን ደስ ይላል። በ1969 አምሃ እሸቴ የሚባል ወጣት እዚህ አዲስ አበባ የራሱን ሸክላ ማሳተም ጀመረ። ሸክላ የማሳተም መብቱ በሕግ የሀገር ፍቅር ማኅበር ሆኖ ሳለ ደፍሮ ገባበት። መጀመሪያ ያወጣው አለማየሁ እሸቴን ነው። ጥቂት ዓመት ሠርቶ ደርግ ሲመጣ ተሰደደ። ከዚያ ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ በ80ዎቹ የማሕሙድ ሸክላ እጁ ገብቶ ልቡ ተሰረቀ። በ1986 የማሕሙድ ሥራ ብራስልስ ላይ ታተመ። በ90ዎቹ መጨረሻ ደግሞ ያው ሰውዬ «ኢትዮፒክስ» የሚለውን ተከታታይ ጀመረ፤ የድሮ ዘፈኖቻችንን በየቁጥሩ የሚያወጣ የአልበም ተከታታይ ነው፤ አራተኛው ቁጥር የሙላቱ ነው። በ2005 አንድ የአሜሪካ ፊልም ሙላቱን ከዳር እስከ ዳር አስገባውና ፈረንጅ ሁሉ «ይሄ ማነው?» አለ።

አንቺ ዝርዝር ውስጥ ያለው እንግዲህ በአብዛኛው ይኸው ነው። ማሽኑ ያገኘው አይደለም፤ ፋልሴቶ ያገኘውን ነው መልሶ የሰጠሽ። ሰውዬውን አልወቅሰውም። እሱ ባይኖር ስንቱ ሸክላ አቧራ ለብሶ በቀረ። ደግሞ ጥላሁንንም አልዘለለም፤ አንድ ሙሉ ቁጥር ሰጥቶታል። ግን ጥላሁንን ጠልቆ ለመውደድ ግጥሙን መስማት ያስፈልጋል። ቃሉን ሲያላምጠው፣ አንዷን ሐረግ ሲደግማት፣ ከዚያ ሲያለቅስባት። ቋንቋውን የማያውቅ አድማጭ ሳክስፎኑንና ኦርጋኑን ይዞ ይሄዳል። አድማጩ ወደሄደበት ማሽኑም ይሄዳል። አንቺ ግን አማርኛ ትችያለሽ! ምን ቆርጦሽ ነው እንደ ፈረንጅ የምትሰሚው?

አትቆጪ፣ እየቀለድኩ ነው። ግማሹን ብቻ።

በእኛ ጊዜ አዲስ ሙዚቃ እንዴት እንደምናገኝ ልንገርሽ። የዘፈኖቹን ስም ወረቀት ላይ ጽፈን ሙዚቃ ቤት እንወስዳለን። ባዶ ካሴት ይዘን ወይም እዚያው ገዝተን። ባለ ሱቁ በሁለት ዴክ ይቀዳልናል፤ በነገታው ሄደን እንወስዳለን። እኔ የምሄድበት ሰውዬ አንድ ልማድ ነበረው። የኔ ዘፈኖች አልቀው ካሴቱ መጨረሻ ላይ ባዶ ቦታ ከተረፈ ዝም ብሎ አይተወውም። ራሱ የመረጠውን ይሞላበታል። አንዳንዴ ዘፈኑ መሃሉ ላይ ቀጭ ብሎ ይቆማል፣ ክሩ አልቆ። እኔ ታዲያ ተመልሼ ሄጄ «ያ የተቋረጠው ማነው?» እለዋለሁ። እሱም ይኼንኑ ነበር የሚጠብቀው። ወንበር ይስብልኝና ስለ ዘፋኙ ሳይሆን ስለ ባንዱ ያወራልኛል። «ዘፋኙን ተወው፤ ከኋላ ያለውን ኦርጋን ስማው። እሱን ልጅ ተከተለው።»

ኦርጋኑን የሚጫወተው ኃይሉ መርጊያ ነበር፤ የዋልያስ ባንድ ሰው። የሱን በመሣሪያ ብቻ የተሠራ «ክላሲካል» ሬዲዮ በፕሮግራም መሃል ሲያስገባው ስንቴ ሰምቼዋለሁ፤ ስሙን ግን ማንም አይጠራም። ዋልያስ በ1981 ለሥራ አሜሪካ ሄደ፣ ኃይሉ እዚያው ቀረ። በ1985 ብቻውን ስቱዲዮ ገብቶ አኮርዲዮኑንም፣ ኪቦርዱንም፣ የድራም ማሽኑንም ራሱ ይዞ አንድ ካሴት ሠራ። ከዚያ ለዓመታት ዋሽንግተን ላይ ታክሲ ነዳ። ደለስ አየር ማረፊያ ተራ ሲጠብቅ ኪቦርዱን አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጦ ይለማመድ ነበር። ያን ካሴት አንድ የአሜሪካ ካሴት ሰብሳቢ ባሕር ዳር ሱቅ ውስጥ አገኘው። ፈልጎ ፈልጎ ኃይሉን በስልክ አገኘውና በ2013 እንደገና አሳተመለት። ሰውዬው ይኸው ዓለምን እየዞረ ይጫወታል፤ በ2018 አዲስ አልበምም አወጣ።

አፑ ይህን ታሪክ አይነግርሽም። «ኃይሉን ከወደድሽ ይህንንም ትወጂያለሽ» ብሎ ያልፋል። ባሕር ዳር ላይ ካሴት ያገላበጠ ሰው ባይኖር ግን የሚያቀርብልሽ ነገር አይኖረውም ነበር።

እማሆይ ጽጌማርያም ነገርማ ትንሽ አናዶኛል። ወንድምሽ እሳቸውን ፈልጎ ሲከፍት ያገኛቸው «ለእንቅልፍ የሚሆን ፒያኖ» ከሚል ርዕስ ሥር ነው፤ ዝናብ ድምፅና ማዕበል ድምፅ መሃል። እኒህ ሴት በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ ተማሩ። ጣልያን ሲወርረን ከነቤተሰባቸው ተግዘው ደሴት ላይ ታሰሩ። ካይሮ ሄደው ሙዚቃ ተማሩ። ለንደን ሊማሩ ዕድል አግኝተው ተከለከሉ። ከዚያ ሁሉን ትተው ጊሸን ማርያም ገቡ፣ ለዓመታት በባዶ እግራቸው ኖሩ። ኢየሩሳሌም ገዳም ውስጥ በ99 ዓመታቸው በ2023 አረፉ። ታዲያ ይህን ሰምተሽ እንዴት ትተኚበታለሽ? ቁጭ ብለሽ ስሚው። ግራ እጃቸው ፈረንጅ ነው፣ ቀኝ እጃቸው ግን ትዝታ ነው። እኔ እንዲያ ነው የሚሰማኝ።

አሁን ምክሬ ምን መሰለሽ? ድምፁ ስለተመሳሰለ ብቻ አትከተዪ። ሰው ተከተዪ። ድሮ የካሴቱ ሽፋን ላይ ግጥም እገሌ፣ ዜማ እገሌ፣ ቅንብር እገሌ ተብሎ ይጻፍ ነበር። ቅንብሩን አይተን ነበር የምንገዛው። አሁን አፑ ላይ ያ ነገር ተደብቋል፤ አንዳንዱ ላይ ሦስት ነጥብ ተጭኖ ይገኛል፣ አንዳንዱ ላይ ጭራሽ የለም። ፈልጊው።

ለምሳሌ አንቺ ሃይስኩል እያለሽ ዘሪቱንና እዮብ መኮንንን ታዞሪያቸው ነበር። ቤቱ ሌላ ነገር አልሰማም። ሁለቱ በድምፅ ምን አገናኛቸው? ምንም። ከኋላ የነበረው ግን አንድ ሰው ነው፣ አቀናባሪው ኤልያስ መልካ። እሱን ከያዝሽ የአንድ ዘመን ሙዚቃ ይፈታልሻል። ኤልያስ ሙዚቀኛው ከድካሙ እንዲበላ ብሎ ከባልደረቦቹ ጋር በ2019 አውታር የሚባለውን የሙዚቃ መሸጫ አፕ ጀመረ፤ በዚያው ዓመት አረፈ። ነገሩ ያንገበገበው ያለምክንያት አይደለም። እዚያ እናንተ ከተማ የተሠራው ትልቁ አፕ፣ ስፖቲፋይ፣ ዘፈን ተሰማ የሚለው 30 ሰከንድ ሲያልፈው ነው። የኛ ዘፈን መግቢያው ብቻ 30 ሰከንድ አይደል! ከ2024 ወዲህ ደግሞ በዓመት 1,000 ጊዜ ያልተሰማ ዘፈን ሳንቲም አይታሰብለትም። ስለዚህ የወደድሽውን ልጅ እስከ መጨረሻው ስሚው፤ ከቻልሽ አልበሙን ግዢው።

ሌላ ሰው ልስጥሽ፤ ግርማ በየነ። በራሱ ድምፅ የቀዳው በጣት የሚቆጠር ነው። ፒያኖና ቅንብር ላይ ግን ስሙን የምታገኚበት የዚያ ዘመን ሸክላ ብዙ ነው። እሱም እንደ ኃይሉ በዚያው በ1981 ጉዞ አሜሪካ ቀርቶ ሙዚቃ ተወ። ስንት ዓመት ቆይቶ በ2017 አካሌ ውቤ ከሚባል የፓሪስ ባንድ ጋር አልበም አወጣ። ስሚውና ከዚያ ወደ ኋላ ሂጂ፦ ማንን አቀናበረ? ለማን ፒያኖ መታ? እንዲህ እያልሽ ስትሄጂ ሳታስቢው ጥላሁን ጋ፣ ብዙነሽ ጋ ትደርሻለሽ።

ማሽኑን ግን ሙሉ በሙሉ አላማሁትም፤ ይህን ሐቅ ልስጠው። መጨረሻው አካባቢ አንድ የሶማሊኛ ዘፈን አስገብቶልሻል፣ የዱር ዱር ባንድ። የሞቃዲሾ ልጆች ናቸው፣ በ80ዎቹ የሠሩት ነው። እንዴት ያለ ጉድ ነው በይ! ቤዙ ሲገባ ከወንበሬ ተነሳሁ። ቅኝቱ ለጆሯችን እንግዳ አይደለም፣ አንዳንዱ ጋ የኛው ባቲ መስሎኝ ነበር። በዚያ ዘመን ከሶማሊያ ጋር ከተዋጋን ገና ጥቂት ዓመት ነው። እኔ ጆሮ የደረሰ የሶማሌ ካሴት አልነበረም። ጎረቤቴ የሚዘፍነውን በስዊድን በኩል ዞሮ ሰማሁት። ለዚህስ አፑን እግዜር ይስጠው።

እና አንድ ነገር ላስቸግርሽ። ሥራ ቦታሽ አንዲት ሶማሊያዊት አለች ብለሽኝ ነበር፣ ሻይ አብራችሁ የምትጠጡት። እስቲ «አባቴ ዱር ዱርን ወዷል፣ ከዚህ ቀጥሎ ማንን ይስማ?» በያት። ካላወቀች እናቷን ትጠይቅልሽ፤ እንዲያውም እናቷ ትሻላለች። የነገሩሽን ስም ላኪልኝ። አፑ የሚለውን ግን አትላኪልኝ፤ እሱን ወንድምሽ ያወጣልኛል።

እናትሽ ደግሞ ኩኩ ሰብስቤን ካልጨመርሽበት ያን ዝርዝር ደግማ እንደማትሰማ ንገርልኝ ብላለች። ሹራብሽን ደርቢ።

አባትሽ